የመስቀል አደባባይ የእሑድ ማለዳ የጋራ ሩጫ፦ ለማን ይሆናል? ምንስ ይጎድለዋል?

በመስቀል አደባባይ እሑድ ማለዳ ከሚሰባሰቡት የሩጫ ቡድኖች የአንዱ አባል ከሆንኩ ዓመት አልፎኛል። ቡድኑ በጥቂት የሥራ ባልደረቦች ተጀምሮ በሰው በሰው እየሰፋ የመጣ፣ ማስታወቂያ የማያስነግር፣ ሁለት አስተባባሪዎችና አንድ አሰልጣኝ ያሉት ስብስብ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አስተባባሪዎቹ ወደፊትም በዚያው መንገድ እንዲያድግ ስለሚፈልጉ ነው፤ ሆኖም በአደባባዩ የሚሮጡት የሌሎቹ ቡድኖች አሠራርም ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ፣ አንዱን መርጦ ለመቀላቀል ለሚያስብ ሰው ሁሉ ይህ አስተያየት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። በመሐል አዲስ አበባ ሯጭ ከሯጭ የሚተዋወቅበት፣ ኑሮ ያራራቃቸው ወዳጆችም በየሳምንቱ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ቦታ ሌላ አላውቅም። ሰዓቱን ለማሻሻል ለሚሮጥ ሰው ግን ይህ ቡድን አይበቃውም፤ ጀማሪ የሆነም ሰው ከዚህ በታች የማነሣው አንድ ትልቅ ጉድለት እስኪታረም ድረስ፣ ቡድኑን ከሚያውቅ ወዳጅ ጋር ቢመጣ ይሻለዋል።

ቀጠሮው ከንጋቱ 12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ባለው የአደባባዩ ጫፍ ነው። ማለዳው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ ሚኒባሶቹ ከየአቅጣጫው ወደ አደባባዩ መፍሰስ ስለሚጀምሩ የናፍጣው ጭስ ለሚያለከልክ ሰው ከባድ ነው፤ በዚህች ከተማ ደግሞ ትንፋሽ በራሱ ውድ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጡ ዘመዶቻችን በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ደረታቸውን ይዘው የሚቆሙት ስንፍና ይዟቸው ሳይሆን ሰውነታቸው ከአየሩ ጋር ገና ስላልተላመደ ነው። አሰልጣኛችን ይህን ስለሚያውቅ እንግዳ ሲመጣ የመጀመሪያውን ሳምንት ከእርምጃና ከሶምሶማ እንዲያልፍ አይፈቅድለትም፤ ይህንን አሠራሩን ከልብ አመሰግናለሁ።

ሩጫው የሚጀምረው በእርከኖቹ ላይ ነው። አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ከተመረቀ ወዲህ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለታል፣ መልኩም ብዙ ተለውጧል፤ ሯጮች ሲወጡ ሲወርዱ የሚጠቀሙበት የእርከን አሠራር ግን እንዳለ ነው። አንዱን እርከን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ መጨረስ፣ ጫፉ ላይ ወደሚቀጥለው መውጣት፣ ያንንም በተቃራኒው አቅጣጫ መጨረስ፣ እንዲህ እያሉ እስከ ላይ ደርሶ እንደገና መውረድ ነው። ሰው ለማወቅ ከዚህ የተሻለ የሩጫ ዓይነት የለም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። በቀጥታ ጎዳና ላይ ፈጣኑ ቀድሞ ከሄደ በኋላ ዳግም አይታይም፤ እዚህ ግን ፈጣኑ ከላይኛው እርከን ሲመለስ ቀርፋፋው ከታችኛው ሲሄድ በየዙሩ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ «አይዞህ»፣ «በርቺ» ይባባላሉ። ስም ሳይተዋወቁ ለሳምንታት እንዲህ የተባባሉ ሰዎች ከሩጫው በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ሲገናኙ እንደ ቆየ ወዳጅ ጨዋታ ይጀምራሉ። አንድ ቅሬታ ቢኖረኝ የወለሉ ጥንካሬ ነው። ልምድ ያላቸው አትሌቶቻችን የአስፋልት ልምምዳቸውን መጥነው አብዛኛውን ኪሎ ሜትር በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ አፈር ላይ የሚሮጡት ጉልበታቸውን ለማዳን ነውና፣ ጉልበቱ የሚያመው ሰው በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ በዚህ ወለል ላይ ባይሮጥ ይመረጣል።

ከእርከኖቹ በኋላ ቡድኑ ሰልፍ ይዞ ወደ ጎዳና ይወጣል። መንገዱ በአፍሪካ አዳራሽና በብሔራዊ ቤተ መንግሥት መካከል ሽቅብ ወደ ሂልተን የሚወስደው የዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ነው። ዳገቱ ረጋ ያለ ቢመስልም እግር ላይ ቀስ በቀስ የሚከብድ ነው። የኮሪደር ልማቱ ካሰፋው የእግረኛ መንገድ የተነሣ ሁለት ሁለት ሆኖ ለመሮጥ አያስቸግርም። በቤተ መንግሥቱ አጥር አጠገብ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሣት እንደማይገባ አስተባባሪዎቹ ከመነሣታችን በፊት በየጊዜው ያስታውሳሉ፤ ለእንግዳ ሰው ይህ ማሳሰቢያ ቀላል አይደለም።

በዚህ ሰልፍ ውስጥ የሚታየው ሥርዓት የቡድኑ እጅግ የሚያስመሰግን ነገር ነው። በአገራችን አትሌቶች ዘንድ በጋራ መሮጥ ማለት ጎን ለጎን መሄድ ብቻ ሳይሆን የፊተኛውን ሰው እግር እየተመለከቱ በእርሱ ልክ መርገጥ ማለት ነው፤ መሪነቱንም በየተራ ይቀባበሉታል፣ ምክንያቱም ፊት የሚሮጠው ነፋሱንም ፍጥነት የመጠበቁንም ሐሳብ ለሌሎቹ ሲል ይሸከማል። አሰልጣኛችን በወጣትነቱ በክለብ ደረጃ የሮጠ በመሆኑ ይህንኑ ልማድ ለእኛ ለቢሮ ሠራተኞች፣ ለነጋዴዎችና ለተማሪዎች አስተምሮናል። ፊት ያለው ሰው የተነሣ ድንጋይ ወይም የተከፈተ የፍሳሽ ክዳን ሲያይ ክንዱን ወደ ኋላ ዘርግቶ በጣቱ ወደ መሬት ያመለክታል፤ ሁለተኛው ያንኑ ምልክት ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው ለአራተኛው ያስተላልፋል፤ አንድም ቃል ሳይነገር ሰልፉ በሙሉ ወደ ግራ ዘወር ብሎ ያልፋል። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ያለኝ መተማመን የተጀመረው በዚህች ምልክት ይመስለኛል፤ የማላውቀው ሰው ለእግሬ ሲጠነቀቅ አይቻለሁና።

ፍጥነቱ የሚለካው በወሬ ነው። ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ጡረታ የወጡ የቡድኑ አንጋፋ አባል፣ አንዲት አዲስ መጤ ልጅ ከፊተኞቹ እኩል ለመሮጥ ስትታገል አይተው አጠገቧ ሄደው «ልጄ፣ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው፤ ቀስ በይ፣ እኔ አብሬሽ ነኝ» አሏት። «እሺ ጋሼ» ብላ ቀዝቀዝ አለች፤ ከዚያ እስከ ካዛንቺስ መታጠፊያ ድረስ ሁለቱ ስለ ትምህርቷና ስለ ቤተሰቧ ሲጫወቱ ከኋላቸው እሰማ ነበር። ምክሩ ከደግነት ባሻገር ትክክለኛ የስፖርት ምክር ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚያስችል ፍጥነት ለልብም ለእግርም አብዛኛውን የልምምድ ጊዜ ሊያዝ የሚገባው ፍጥነት ነው፤ ጀማሪዎች ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚስቱት ይህንኑ ነው።

ለሴቶች ያለው ጥቅም ለብቻው ሊነገር ይገባል። በከተማችን ጎዳና ብቻዋን ሱሪዋን አድርጋ የምትሮጥ ሴት ለከፋ ሳይደርስባት ወደ ቤቷ የምትመለስበት ቀን ጥቂት ነው፤ በንጋት ጨለማ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ከቃል ያልፋል። የቡድናችን ሴት አባላት ይህን ሩጫ ከጀመሩ ወዲህ ከጓሯቸውና ከጂም ቤት ትሬድሚል ወጥተው ከተማቸውን በእግራቸው ማወቅ እንደቻሉ ነግረውኛል። ቁጥራቸው ከወንዶቹ እኩል ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም፤ ብዙዎቹም በመጋቢት የሚካሄደውን የሴቶች የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ዒላማ አድርገው አብረው ይዘጋጃሉ። አንዲት ሴት እኅቷን ይዛ ትመጣለች፤ እኅቷ ደግሞ የሥራ ባልደረባዋን። ቡድኑ በእውነት የሰፋው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። የጋራ ሩጫን የምመዝነው በመጨረሻው ሰው ነው፤ ከሁሉ ኋላ የቀረው ሰው ብቻውን ከቀረ ያ ስብስብ ለእርሱ የጋራ አልሆነም። ቡድናችን እርከኖቹ ላይ ሳለ በዚህ መለኪያ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ወደ ጎዳናው ሲወጣ ግን ይወድቃል። ፊተኞቹ ሂልተን አካባቢ ደርሰው ሲመለሱ ኋለኞቹን በመንገድ ላይ እያገኙ ይዘዋቸው እንዲመለሱ ነው የታሰበው፤ ነገር ግን ፊተኞቹ አንዳንድ ጊዜ በካዛንቺስና በዑራኤል በኩል ዞረው ስለሚመለሱ ኋለኞቹ ማንም ሳያገኛቸው ይቀራሉ። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አንዲት አዲስ አባል በዚህ ምክንያት ብቻዋን ቀርታ፣ ሰፈሩን ስለማታውቀው መንገድ እየጠየቀች ነበር ወደ አደባባዩ የተመለሰችው። እኛ በዚያ ሰዓት ቁርስ አዝዘን ነበር። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤ ልትመጣም አይገባትም። ለዚህ የሚያስፈልገው መፍትሔ ገንዘብ አይጠይቅም። ከጠንካሮቹ ሯጮች አንዱ በየሳምንቱ በተራ ደጀን ሆኖ ከመጨረሻው ሰው ኋላ እንዲሮጥ መመደብ ብቻ ነው። ጋሼ ይህን በፈቃዳቸው ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ነገር ግን የእርሳቸው ደግነት በሌሉበት ቀን የሚተካው ሥርዓት አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ቦርሳችንንና ሹራባችንን ከአደባባዩ ሥር በሚቆም የአንድ አባል መኪና ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ባለመኪናው ካልመጣ ግን ሁሉም ስልኩንና ቁልፉን በእጁ ይዞ ይሮጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሹራብ ሳይለብስ የሚመጣ ስለሌለ ችግሩ በእነዚህ ወራት ይብሳል። የመጸዳጃ ነገርም እንዲሁ በየካፌው ባለቤት መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን ግን አለ፤ በመዋጮው የተገዛ ነው፤ አሰልጣኙ በጀርባው ይዞት ይሮጣል። ወርኃዊው መዋጮ ከአንድ ሰው የቁርስ ሒሳብ ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ሳለ ውኃውን፣ ሳጥኑንና የአሰልጣኙን አበል መሸፈኑ የሒሳብ አያያዙን ንጽሕና ያሳያል፤ በየወሩ መጨረሻም ገቢና ወጪው ለሁሉም ይነበባል።

ሦስተኛው ጉዳይ ከጉድለትም በላይ የቀኑ ምርጫ የሚያመጣው ነው። እሑድ ማለዳ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው በዚህ ሩጫ ሊገኝ አይችልም፤ እኛ እርከን ስንወጣና ስንወርድ የእስጢፋኖስ የቅዳሴ ዜማ ከአጠገባችን ይሰማል፤ ከእኛ ጋር መሮጥ የሚወዱ ወዳጆቻችንም በዚያ ሰዓት እዚያው ውስጥ ናቸው። አስተባባሪዎቹ ስለዚህ የቅዳሜ ማለዳ ፕሮግራም ጨምረዋል፤ ሐሳቡ መልካም ነው፤ አሰልጣኙ ቅዳሜ ስለማይመጣ ግን ሰው የሚበዛበት አልሆነም። በረመዳን ደግሞ ለሙስሊም አባላት ሲባል አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ይደረግና በጋራ ኢፍጣር ይጠናቀቃል። ይህ ልማድ በቡድኑ ውስጥ ከማንኛውም ዙር ይልቅ ሰውን ከሰው ያቀራረበ በመሆኑ፣ ለቅዳሜውም ተመሳሳይ ትኩረት ቢሰጠው እላለሁ።

ከሩጫው በኋላ ያለው ቁርስ የፕሮግራሙ ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአምባሳደር አቅጣጫ ባለ አንድ ትንሽ ቤት ጠረጴዛዎች ተገጣጥመው ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ማኪያቶና ስፕሪስ ይቀርባል፤ በጾም ወራት ጨጨብሳው በዘይት ይሠራል። ፉሉ ትኩስ ነው፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው አይሰስትም፤ ዳቦው ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ለሚደርስ ሰው ያልቃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሒሳብ በመጣ ቁጥር «ሞቼ እገኛለሁ፣ ዛሬስ እኔ ነኝ የምከፍለው» የሚለው ግብግብ ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር፤ አቅም የሌላቸው ወጣቶችም ተራቸው የደረሰ እየመሰላቸው ከቁርሱ መቅረት ጀምረው ነበር። አስተባባሪዎቹ ይህን ተረድተው እያንዳንዱ ለበላው እንዲከፍል፣ ተማሪዎች ደግሞ ከመዋጮው እንዲሸፈንላቸው ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ ተመልሰዋል፣ ጨዋታውም ደርቷል። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሥራ ያገኘ ሰው አውቃለሁ፤ የቤት ኪራይ ያገኘም አለ፤ ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ ተጠፋፍተው የነበሩ ሁለት ጓደኛሞች እዚህ ሲተቃቀፉ አይቻለሁ።

ከመስከረም በኋላ የቡድኑ ልምምድ በሙሉ ወደ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ያዘነብላል። ይህ የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሥራችነት ለመጀመሪያ ጊዜ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲካሄድ የተሳታፊው ቁጥር 10,000 ነበር፤ አሸናፊውም ራሱ ኃይሌ ነበር። በቅርብ ዓመታት ተሳታፊው ከ40,000 በላይ ደርሷል። ያን ያህል ሕዝብ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ፣ እየዘፈነና እየጨፈረ፣ በየመንገዱ ዳር በሚያዜሙ ባንዶችና በሚረጭ ውኃ መካከል ሲያልፍ ለማየት የታደለ ሰው ሩጫ የአትሌቶች ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። ለጓደኛሞች ቡድን ግን ይህ ቀን ዝግጅት ይጠይቃል። በዚያ ሕዝብ መካከል በስልክ መፈላለግ ስለማያዋጣ፣ እኛ ሁልጊዜ ከመነሣታችን በፊትና ከጨረስን በኋላ የምንገናኝባቸውን ሁለት ቦታዎች በዋዜማው እንወስናለን። ካናቴራ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚለብስ የራስ ማሰሪያችንን አንድ ቀለም እናደርጋለን። ሰዓት ለመያዝ የሚፈልጉት ቀድመው ወደ ፊት ይጠጋሉ፤ የቀረነው ሰፋ ብለን አብረን እንሄዳለን፤ ማንም ብቻውን አይጨርስም።

ይህ የመጨረሻው ልማድ ከደራርቱ ቱሉ የተወረሰ ነው ይላሉ ጋሼ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ ካሸነፈች በኋላ፣ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ከመስመሩ ላይ ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን የዞሩበትን ጊዜ በቴሌቪዥን ያዩ ሰው ናቸውና፣ ለአዳዲሶቹ አባላት በየዓመቱ ይተርኩታል። እኔም ሲተርኩት ደጋግሜ መስማት አይሰለቸኝም።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ለከተማው አዲስ ለሆነ ሰው፣ ከሥራ ውጭ ወዳጅ ለሌለው፣ ብቻዋን ለመሮጥ ለምትሠጋ ሴት፣ ከረጅም ዕረፍት በኋላ ወደ እንቅስቃሴ ለሚመለስ አንጋፋ ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ለማራቶን የሚዘጋጅ ሰው እሑድን ከእኛ ጋር አሳልፎ ጠንካራ ልምምዱን በሌላ ቀን፣ በአፈር መንገድ ቢያደርግ ይጠቀማል። የሚመጣ ሰው ወፈር ያለ ሹራብ፣ የራሱን ውኃና ለቁርስ የሚሆን ጥቂት ብር ይያዝ፤ ስልኩን የሚያስገባበት የወገብ ቦርሳ ቢኖረው ደግሞ የዕቃው ችግር አይነካውም። በወሩ የመጨረሻ እሑድ ላይ ከመጣና ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የ«መንገድ ለሰው» ፕሮግራም ከገጠመው፣ ለመኪና ዝግ በሆነው ጎዳና ላይ ሰፋ ብሎ መሮጥ ይችላል።

የደጀኑን ጉዳይ ባለፈው ሳምንት ለሁለቱም አስተባባሪዎች በቃልም በጽሑፍም አቅርቤአለሁ። ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ የተራ ዝርዝር እንደሚያወጡ፣ ፊተኞቹም በሄዱበት መንገድ ብቻ እንዲመለሱ እንደሚያደርጉ ነግረውኛል። በዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው ስም የእኔ እንዲሆን ጠይቄአለሁ፤ ያቺን ብቻዋን የቀረች አባልም አንደኛዋ አስተባባሪ ራሷ ደውላ ልትጋብዛት ተስማምታለች።